ሙሴው ጽዋውን ያልነካ ዕለት

ሮቤ ውስጥ የተጣላ ሰው ካለ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በለጠ ዘንድ መሄድ። ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር ቢነታረኩ፣ ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ቢካረሩ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የበለጠ ወፍጮ ቤት ይደርሳል። እሱ ሞተሩን ያጠፋና ቅንድቡ ላይ ያረፈውን ዱቄት በክንዱ ጠራርጎ «እስቲ ከሥሩ ንገሩኝ» ይላል። ከሥሩ ይነግሩታል። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር ሳያስታርቅ ምግብ አይወርድለትም፤ የሰው ጠብ ያንገበግበዋል።

አባቱ ድሮ ከሸዋ በመምህርነት መጥተው እዚያው ሮቤ የቀሩ ሰው ነበሩ። በለጠ የተወለደው እዚሁ ነው። አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ተምሮ፣ በሁለቱም ቋንቋ መገሠጽ የሚችል ሰው ሆኖ አደገ። ወፍጮ ቤቱ ገበያው ጫፍ ላይ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ስንዴውን አዝሎ ይመጣና ዱቄት ከነምክሩ ይዞ ይሄዳል። ምክሩን ያልፈለገም ይዞ ነው የሚሄደው፤ በለጠ ማንንም እንዲሁ አይለቅም።

ይህ ሰው ታዲያ የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበር ሙሴ ነው። ሙሴ ማለት የማኅበሩ መሪና ሥርዓት አስከባሪ ማለት ነው። በየወሩ በሃያ ሰባት ማኅበርተኛው ተራ በደረሰው ሰው ቤት ሲሰበሰብ፣ ዳቦው ሳይቆረስ፣ ጽዋውም ሳይዞር ሙሴው ይነሣና «ከመካከላችን የተቀያየመ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የተቀያየመ ካለ ሳይታረቅ ጽዋውን አይነካም። ይህ ከአባቶች የወረደ ሕግ ነው፤ ቀልድ የለበትም። በለጠ ይህን ሲጠይቅ ዓይኑ አያድርስ ነው። ማን ማንን ላለማየት ፊቱን እንዳዞረ፣ ማን ሰላምታውን እንዳሳጠረ፣ ማን ያለወትሮው ጥግ እንደያዘ አንድ በአንድ ያያል። «አንተ፣ ና ወዲህ፤ አንቺም ነይ» ብሎ እዚያው አስታርቆ ያቀምሳቸዋል። በዚህ ሥራው የቀናበት እንጂ ያማው ሰው የለም።

ግን አበው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ወደው አይደለም። የዚህ የአስታራቂ ሰው አንድያ ልጅ፣ ሳምራዊት፣ ከአባቷ ቤት ከወጣች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ያለችው ደግሞ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ጎባ ናት፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ። ከሮቤ ጎባ መንገድ ይባላል እንዴ? ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ ከተቀመጠው ሰው ጋር ስለ ዘንድሮ ዝናብ ወግ ጀምረህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። በለጠ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ጎባን በእግሩ አልረገጣትም።

ነገሩ የተበላሸው በቀለበት ቀን ነው። የማኅበር ወንድሙ አቶ ሀይሉ ሽማግሌ ልኮ ሳምራዊትን ለልጁ ጠየቀ። በለጠ ደስታው ጣራ ነካና ልጅቷን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ «ሰጥቻለሁ» አለ። ሳምራዊት ሰውየውን እንደማትፈልገው ለአባቷም ለእናቷም እያለቀሰች ተናገረች፤ በለጠ «ትለምደዋለች» ብሎ አለፈው። እንግዳው ተሰብስቦ፣ ማኅበርተኛው ተደርድሮ፣ ቀለበቱ ሊታሰር ሲል ልጅቷ ብድግ አለችና «አባዬ፣ አስቀድሜ ነግሬህ ነበር፤ እኔ ይህን ሰው አላገባም» አለች። እንግዳው አንገቱን ደፍቶ አንድ በአንድ ወጣ። በለጠ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ኀፍረቱም ወደ ቂም ለመለወጥ አንድ ሌሊት አልፈጀበትም። ጠዋት ሲነሣ «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» አለ። ሳምራዊት በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

አሁን ጉዱን ስሙ። በለጠ ይህን ጠብ ብሎ አልቆጠረውም። ጠብ በእሱ ቤት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲኳረፍ ነው፤ በማኅበሩ ሕግም የሚጠየቀው እዚያ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሳምራዊት እዚያ የለችም። ስለዚህ በየወሩ የሌላውን ፊት ሲመረምር ይውልና የራሱን ጽዋ በሰላም ይጠጣል። ለንስሐ አባቱም ረቡዕ ቀን ረስቶ ወተት ያለው ሻይ መጠጣቱን ሳይቀር እየዘረዘረ ይናዘዛል፤ ስለ ልጁ ግን አይተነፍስም። መደበቁ አይደለም፤ የሚናዘዙት ነገር መሆኑ ፈጽሞ አልታየውም።

ሚስቱ ጽጌ ነገሩን በዘዴ ይዛው ኖረች። በየጊዜው «ጎባ ጸበል ልጠመቅ» ብላ ትሄዳለች። ስትመለስ አንድ ጊዜ አዲስ ሹራብ፣ ሌላ ጊዜ አዲስ ነጠላ ጫማ ይዛ ትመለሳለች። እንዲህ የሚያለብስ ጸበል የት አለ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ምክንያቱም ከተማው በሙሉ ያውቃል። የሚኒባሱ ረዳት እንኳ ሲያወርዳት «እትዬ ጽጌ፣ ሳምሪን ሰላም በሉልኝ» ይላታል። የማያውቀው በለጠ ብቻ ነበር። ወይም ማወቅ አልፈለገም፤ ሁለቱን ለይቶ የሚያውቅ አንድዬ ነው።

ዘንድሮ በመስከረም ከአጋርፋ ሽማግሌዎች መጡ። ወንዶሰን የሚባል፣ አጋርፋ የግብርና ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው ሳምራዊትን ወድዷል፤ እሷም ወድዳዋለች። አባቱ ኦቦ ለታ ሥርዓት የሚያከብሩ ገበሬ ናቸው፤ ልጅቷ አባት እያላት ሳይጠየቁ ሠርግ የለም ብለው ነው ሽማግሌ የላኩት። በለጠ በር ላይ ሆኖ ሰማቸውና ቤት ተሳስታችኋል፣ እዚህ ቤት ሴት ልጅ የለም አላቸው። ሽማግሌ አንዴ በመመለሱ አይከፋም፤ ደግመው መጡ። ደግሞ ያንኑ መለሰላቸው። አሁን ኦቦ ለታ ተቆጡ። ሰው ልጁን ከካደ እኔ ምን ላድርግ፣ ሦስተኛ አልልክም፤ ልጄም የአባት ምርቃት የሌላትን ልጅ ይዞ ደጄን አይረግጥም አሉ። ወንዶሰን በአባቱና በሳምራዊት መካከል ተጨነቀ። የሳምራዊት ትዳር በአንድ ወፍጮ ፈጪ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጽጌ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘዴውን ተወችው። ምሳውን ካቀረበችለት በኋላ ሳትቀመጥ «ልጄ አንድ ጊዜ እንቢ ስላለች ዕድሜ ልኳን ብቻዋን ትቅር?» አለችው። በለጠ ምሳውን ግማሹን ተወው።

በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጎን ሱቅ ያለው መሀመድአወል ከልጁ ከለሚ ጋር ተጣላ። ለሚ ሱቁን ጥሎ የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር ተከትሎ ጎሮ ሄዶ ከርሞ ነበር። ሲመለስ አባቱ ደጃፌን እንዳትረግጥ አለው። እናቱ ሞሚና «ማሎ፣ ጋሼ» እያለች በለጠን ለመነችው። ለእሱ ደግሞ ይህ ሠርግ ነው። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዞ መሀመድአወል ቤት ለጃርሱማ፣ ለሽምግልና፣ ተቀመጠ። ተናገረ፤ እንዴት ያለ ንግግር መሰላችሁ! ልጅ ቢያጠፋም ልጅ ነው፣ አባት በሩን ከዘጋ ልጅ የማንን በር ያንኳኳል፣ ኩርፊያ ቤት ያፈርሳል፣ ኧረ ስንቱን። መሀመድአወል አንገቱን ደፍቶ ሰማና በመጨረሻ እሺ አለ። ለሚ ገብቶ የአባቱን ጉልበት ሳመ። ሞሚና እያለቀሰች መረቀች። በለጠ ደስ ብሎት ኮቱን አነሣ።

መሀመድአወል ግን ክንዱን ያዘው። «ጋሼ፣ ወላሂ ልጄን ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ አላህ ይስጥልኝ» አለው። «አሁን ደግሞ እኔ ጃርሳ ልሁንና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለሳምራዊት ማንን እንላክልዎ?»

ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። በለጠ ደሙ ፈላ። «እኔ ከእሷ ጋር አልተጣላሁም። ዝም ነው ያልኳት» አለ።

«እሱማ ለሚንም እኔ በሬን ዘግቼ ዝም ነበር ያልኩት» አለ መሀመድአወል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በለጠ ተናዶ ወጣ። እንዲያውም ጎረቤቱን አኮረፈው፤ አስታራቂው ባስታረቀው ሰው ላይ አኮረፈ! ሲናደድም ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ እውነቱን የሚመሰክርለት ሰው ፍለጋ ሄደ። ለዚህ ከአቶ ሀይሉ የተሻለ ማን አለ? ቀለበቱ የፈረሰበት፣ ልጁ የተዋረደበት እሱ ነው። በለጠ ያን ሁሉ ዓመት ቂሙን የያዘው ለሀይሉ ክብር እንደሆነ ነበር የሚያምነው። እቤቱ ሄዶ «እስቲ አንተ ንገራቸው፣ ያ በደል የሚረሳ ነው?» አለው።

አቶ ሀይሉ የምኑን በደል እንደሚያወራ ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ሳቀ። ልጁ ዶዶላ አግብቶ ሁለት ወልዷል፤ እንዲያውም ሚስቱን ሲያይ ያ ቀለበት በመፍረሱ እግዜርን ያመሰግናል። ሀይሉ ራሱ አምና ጎባ ታሞ ጤና ጣቢያ ሲገባ ቁስሉን ያጠበችለት ሳምራዊት ናት፤ እስኪድንም ሾርባ ትወስድለት ነበር። «እኔ እኮ አንተም የተውከው መስሎኝ ነበር» አለው ሀይሉ።

በለጠ ወደ ቤቱ እያዘገመ ተመለሰ። የጠቡ ባለቤት ጠቡን ከጣለው ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን የሰው ሬሳ ተሸክሞ ይዞራል። የማን ክብር ነበር ታዲያ የሚጠበቀው? መልሱን ሊያውቀው ጀምሮ ነበር፤ ግን ገና ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

በዚያ ሳምንት እሑድ ቅዳሴ ላይ የተነበበው ወንጌል ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ነበር። በለጠ ስብከት ሲሰማ አንድ ልማድ ነበረው፤ ቃሉን እየሰማ ባለቤቱን በሕዝቡ መካከል ይፈልግለታል። ስለ ስግብግብ ሲሰበክ «ይህ ለእገሌ ነው»፣ ስለ ሐሜት ሲሰበክ «ይህ ለእገሊት ነው» እያለ ያድላል፣ ለራሱ ምንም ሳያስቀር። ያን ዕለት ቄስ ኃይለየሱስ ሲሰብኩ፣ ያ ሰው ዕውር መሆኑን ስላወቀ ተፈወሰ፤ በዙሪያው የነበሩት ግን እናያለን ስላሉ ጨለማቸው አብሯቸው ቀረ አሉ። በለጠ እንደ ልማዱ ዞር ዞር ብሎ ይህ ለማን ይሆን አለ። አንድ ሰው አጣለት። ከፊቱ ያሉት ሁሉ ነጠላቸውን ተከናንበው አጎንብሰዋል፤ ቀና ብሎ ሰው የሚፈልገው እሱ ብቻ ነው። ያኔ እሱም አጎነበሰ። በመቋሚያው ተደግፎ ጸሎት ሞከረ፤ የወጣለት «ጌታ ሆይ፣ አላይም» የሚል ብቻ ነበር። ሌላ ቃል ጨምሮ ሊያሳምረው ቢፈልግም አልመጣለትም።

የማኅበሩ ተራ በጥቅምት ሃያ ሰባት የራሱ ነበር። የመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ጽጌ ጠላውን ቀደም ብላ ጠምቃለች፣ ድፎው ተጋግሯል፣ በግ ታርዷል። ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱን ሞላው። ቄስ ኃይለየሱስ ጸሎቱን አደረሱ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ መካከል ተቀምጧል። በለጠ ተነሣ፤ ጋቢውን አስተካከለ።

«ከመካከላችን የተቀያየመ አለ?»

ዝም አሉ። እሱም እንደ ወትሮው ፊታቸውን አልመረመረም። ዛሬ ማንን ሊጠራ ነው ብለው እርስ በርስ ተያዩ።

«አለ» አለ በለጠ። «እኔ አለሁ። ከልጄ ጋር ከተጣላሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጽዋ ሳልታረቅ ጠጥቻለሁ። እናንተን ሰላምታ አሳጠራችሁ እያልኩ ስከስስ፣ ልጄ ከእኔ ሰላምታ ማጣቷን አላየሁም። ዕውር ነበርኩ።»

ከዚህ በላይ መናገር አልቻለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የበለጠ እንባ ስድስት ዓመት የተጠራቀመ ነውና ለማቆም ቢሞክርም አልቆመለትም። ጽጌ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ የያዘችውን ሰፌድ ሳታስቀምጥ። ማኅበርተኛው ተደናገጠ፤ የሚያስታርቀው ሰው ሲጣላ ማን እንደሚያስታርቀው የሚናገር ሕግ የለም።

ጥቂት ሲረጋጋ ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ መዋሸት አልፈልግም። ማጥፋቴ ታይቶኛል እንጂ ልቤ ገና አልተፈታም። ያን ቀን ቆማ የተናገረችውን ሳስብ አሁንም ይነደኛል። ልቤ እስኪለሰልስ ብጠብቅ አይሻልም?»

«ያ ዕውር ዓይኑን ጭቃ ተቀብቶ ሂድና ታጠብ ሲባል፣ መጀመሪያ ይብራልኝና ልሂድ አላለም» አሉት ቄስ ኃይለየሱስ። «ወደ ውኃው የሄደው ሳያይ ነው። የበራለት ከታጠበ በኋላ ነው። ሂድ፣ ልጄ።»

የራሱን ድግስ ጥሎ፣ እንግዳ አስቀምጦ የሄደ ሙሴ ሮቤ አይታ አታውቅም። አቶ ሀይሉ ተነሥቶ እኔ በቦታህ አስተናግዳለሁ፣ አንተ ጉዳይህን ፈጽም አለው። በለጠ በሩ ድረስ ከደረሰ በኋላ ቆመ። የልጁን ቤት አያውቀውም! ወደ ጽጌ ዞሮ በቀስታ ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቃት። ጽጌም በየትኛው መታጠፊያ ገብቶ፣ ከየትኛው ባሕር ዛፍ አልፎ፣ አረንጓዴውን በር እንዴት ገፋ አድርጎ እንደሚከፍት ሳትደናቀፍ ነገረችው። በለጠ አያት። የለበሰችውን ሹራብ አየ።

«ጸበሉ እዚያ ነው ለካ» አላት።

«እዚያ ነው» አለች ጽጌ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደ ልጅነታቸው ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችለት።

ሚኒባሱ ውስጥ ማንንም አላነጋገረም። ጎባ ሲወርድ የሳነቴ ተራራ ብርድ ጋቢውን አልፎ ገባው። በጠባቡ መንገድ ሽቅብ ሲሄድ ልቡ አሥር ጊዜ ተመለስ አለው። ምን ልትላት ነው? ሰው ፊት ያዋረደችህን ልጅ እግሯ ሥር ልትወድቅ ነው? እግሩ ግን ሄደ። ከአረንጓዴው በር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከቦዩ ዳር አንድ ድንጋይ አነሣና ማጅራቱ ላይ አደረገ። በአገሩ ወግ ድንጋይ የሚሸከመው ከባድ በደል የበደለ ሰው ነው፤ ተበዳዩ እስኪያነሣለት ድረስ ቀና አይልም። ታናሽ ለታላቁ ሲሸከም ብዙ ጊዜ አይቷል፤ እሱ ራሱ ስንቱን አሸክሟል። አባት ለልጁ ሲሸከም ግን አላየም። የግቢው ባለቤት ሴትዮ አይታው «በስመ አብ!» አለችና አፏን ያዘች።

በሩ ሲከፈት በለጠ የልጁን ፊት አላየም። አጎንብሷልና የሚታየው እግሯ ብቻ ነው። በግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ አንድ የቆየ ጠባሳ አለ። በለጠ ያንን ጠባሳ ያውቀዋል። ሳምሪ አምስት ዓመቷ ሳለ ወፍጮ ቤት ስትጫወት ብረት ወድቆባት የቀረ ነው። ያን ቀን ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የሰው እህል እየፈሰሰ፣ በደም የራሰች ልጁን ታቅፎ እስከ ጤና ጣቢያ ሮጧል። እየሮጠም «የእሷን ለእኔ አድርገው፣ የእሷን ለእኔ» ይል ነበር። ያ ሰው የት ሄዶ ነበር? በለጠ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ልቡ ውስጥ የታሰረ ነገር ሲፈታ ተሰማው። ያን ቀን ቀለበቱ ላይ ቆማ የተናገረችው ሴት ጠላቱ አልነበረችም፤ ይህቺው ልጁ ነበረች፣ ፈርታ፣ ብቻዋን።

«በድዬሻለሁ» አለ። «ቂሜን ክብሬ መስሎኝ ስጠብቀው ኖርኩ። አላየሁሽም፣ ልጄ።»

የሳምራዊት እግር ካለበት አልተንቀሳቀሰም። በለጠ እንድትቸኩል አልፈለገም፤ ስድስት ዓመት ያስጠበቃትን እሱም ይጠብቃታል።

«በየበዓሉ» አለች በመጨረሻ፣ «ሰው በሩን ባንኳኳ ቁጥር አንተ ትሆናለህ እያልኩ ነበር የምነሣው። አባዬ፣ ያን ቀን ሰው ፊት አሳፍሬሃለሁ፤ እሱን ይቅር በለኝ። አንተ ግን ልጅ የለኝም ስትል እኔ መኖሬን እጠራጠር ነበር።» ከዚያ ቁጭ አለችና በሁለት እጇ ድንጋዩን አነሣችለት። አባትና ልጅ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። የግቢው ሴትዮም አብራ አለቀሰች፤ ምን እንደሆነ በቅጡ ሳታውቅ።

ሻይ ካፈላችለት በኋላ ቤቷን ዞር ብሎ አየ፤ አልጋዋን፣ የነርስ ካፖርቷን፣ የእናቷን ፎቶግራፍ። የእሱ ፎቶግራፍም አጠገቡ አለ። እሱን ሲያይ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠው። ስለ ወንዶሰን ጠየቃት። አፍራ ነገረችው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ኦቦ ለታ ምለዋል፣ ሦስተኛ አይልኩም፣ ወንዶሰንም ከአባቱ ተቆራርጦ እንዲያገባት እሷ ራሷ አትፈልግም። የአባት በር ሲዘጋ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ አለችው።

«እነሱ ካልላኩ እኔ እልካለኋ» አለ በለጠ።

«የሴት አባት ሽማግሌ ይልካል እንዴ?»

«ካሁን በፊት አልተደረገ ይሆናል። እኔም ካሁን በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።»

ሳምራዊት ሳቀች። በለጠ ይህን ሳቅ ለመስማት ስንት ዓመት እንደቀረበት አሰበና እንደገና ዓይኑን ጠረገ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሰዎች ከሮቤ የአጋርፋን አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ አቶ ሀይሉ፣ መሀመድአወልና በለጠ ራሱ። መሀመድአወል መንገዱን ሙሉ አላስቀመጠውም። ወንድ ልጅ ልጠይቅ ለጃርሱማ ስሄድ አያቶቼ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሡ ነበር እያለ ሁለቱንም አሳቃቸው። በለጠ ስላኮረፈው ይቅርታ ሲጠይቀው መቼ አኮረፉኝ፣ እኔ እኮ ዱቄት ዓይንዎ ውስጥ የገባ መስሎኝ ነበር አለው። በውስጣቸው ግን ሁሉም ፈርተዋል። ኦቦ ለታ በሩን ቢዘጉባቸው የሚገባቸው ነው።

ኦቦ ለታ ስንዴያቸው እየታጨደ ነበርና ከማሳው ዳር ነው ያገኟቸው። በለጠ ሌሎቹ እንዲናገሩለት አልፈለገም። ቆቡን አውልቆ በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገረ። ሽማግሌዎችዎን ሁለቴ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ልጄን ሳላያት ቀርቼ ነው፤ ዛሬ እግዜር ዓይኔን ከፍቶልኝ መጣሁ አለ።

«ልጅ አለችኝ፤ ሳምራዊት ትባላለች» አላቸው። «ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ።»

ኦቦ ለታ በትራቸውን ተደግፈው ማሳውን አዩ፣ ሰዎቹን አዩ፣ እንደገና ማሳውን አዩ። ከንፈራቸው ዳር ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ሴት ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ ስንት ጊዜ እንደሚመለስ አውቃለሁ» አሉ። «ወንድ ልጅ ሲጠየቅ ግን አላውቅም፤ ሥርዓቱ የለም። ሥርዓት በሌለበት ሰው አላደክምም። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ።»

መሀመድአወል «አልሐምዱሊላህ» አለ። አቶ ሀይሉ ኦቦ ለታን አቅፎ ሊያነሣቸው ምንም አልቀረውም። ሠርጉ ጥር ላይ እንዲሆን ተነጋገሩ፤ ኦቦ ለታም ምሳ ሳትበሉ አትሄዱም ብለው አስቀመጧቸው። በለጠ ከእነሱ ገለል ብሎ ስልኩን አወጣ። የሳምራዊትን ቁጥር መታ።

«ሳምሪ» አላት። «ሰጡን።»

ከዚያ ወዲያ ከስልኩ የተሰማው ለቅሶ ይሁን ሳቅ አይለይም ነበር። በለጠ የማሳው ዳር ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጣት።